ሁለተኛውን ልጅ የሚቀበለው እጅ

ነፍሰ ጡሯ እናት ለክትትል ሄዳ፣ በአልትራሳውንድ የሚመረምራት ባለሙያ «መንታ ነው» ሲላት የሚሰማት ስሜት ድብልቅ ነው። በመጀመሪያ ደስታ ይቀድማል፤ ወዲያው ደግሞ ሐሳብ ይከተላል። የሁለት ልጅ ልብስ፣ የሁለት ልጅ ጡት፣ የሁለት ልጅ ሌሊት ይታሰባል። ወደ ሠፈሯ ተመልሳ ቡና ላይ ወሬውን ስታወራ ደግሞ አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። «ታዲያ በምጥ ትወልጃለሽ ወይስ በኦፕራሲዮን?»

አንዷ ጎረቤት «መንታ ያለ ኦፕራሲዮን አይሆንም» ትላለች። ሌላዋ «የእኔ እናት መንታ የወለደችው እቤቷ፣ በልምድ አዋላጅ እጅ ነው» ብላ ትከራከራለች። ሁለቱም የሚናገሩት ያዩትን ወይም የሰሙትን ነው። እናቲቱ ግን ከሁለቱም አነጋገር የራሷን መልስ ልታገኝ አትችልም።

የማሕፀንና የጽንስ ሐኪሞች ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመስጠታቸው በፊት የሚያመዛዝኗቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው የልጆቹ አቀማመጥ ነው። ሁለተኛው የእናቲቱ ጤንነት፣ የእርግዝናው ዕድሜ፣ እንዲሁም ልጆቹ አንድ የእንግዴ ልጅና አንድ የሽርት ውሃ ከረጢት የሚጋሩ መሆን አለመሆናቸው ነው። ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ ነው። ይኸውም በወሊዱ ዕለት ከማዋለጃው አልጋ አጠገብ የሚቆመው ባለሙያ እጅ ሁለተኛውን ልጅ ለመቀበል የሠለጠነ መሆን አለመሆኑ ነው። የሠለጠነው እጅ ከሌለ፣ ሌላው ሁሉ ተሟልቶ እንኳ እናቲቱ የምትመርጠው ነገር አይኖራትም። በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ይህንኑ ሦስተኛውን ጉዳይ ይሆናል፤ ሐኪሞች ይህን ሙያ እንዴት ይማሩታል? እንዴትስ ይጠፋባቸዋል?

የመንታ ወሊድ በምን ይለያል?

መንታ መውለድ ብርቅ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሰላው በየዓመቱ 1.6 ሚሊዮን ያህል ጥንድ መንታዎች ይወለዳሉ። በዓለም ዙሪያ ከ1000 ወሊዶች 12 ያህሉ የመንታ ሲሆኑ፣ በአፍሪካ ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ወደ 17 ይደርሳል።

ምጥ በሚጀምርበት ጊዜ መንታዎች በማሕፀን ውስጥ የሚገኙበት አኳኋን አንድ ዓይነት አይደለም። ከ10 የመንታ እናቶች በ4ቱ ገደማ ሁለቱም ልጆች ጭንቅላታቸውን ወደ ታች አድርገው ይገኛሉ። በሌሎች 4 ያህሉ የመጀመሪያው ልጅ በጭንቅላቱ ሲመጣ ሁለተኛው በመቀመጫው፣ በእግሩ ወይም ተጋድሞ ይገኛል። በቀሩት 2ቱ ደግሞ የመጀመሪያው ልጅ ራሱ በጭንቅላቱ አይመጣም፤ ለእነዚህ እናቶች ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ኦፕራሲዮንን ይመርጣሉ። እንደዚሁም ሁለቱ ልጆች በአንድ የሽርት ውሃ ከረጢት ውስጥ ከሆኑ እትብታቸው ስለሚተበተብ በኦፕራሲዮን መውለዱ የታወቀ ነው።

የመጀመሪያው ልጅ በጭንቅላቱ ከመጣ አወላለዱ ከነጠላ ልጅ ብዙም አይለይም። ልዩነቱ የሚጀምረው እርሱ ተወልዶ እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ለሁለት ይጠብ የነበረው ማሕፀን በድንገት ለአንድ ሰፊ ይሆናል። ሁለተኛው ልጅም ቦታ ስለሚያገኝ ሊገላበጥ ይችላል። በጭንቅላቱ የነበረው ሊጋደም፣ የተጋደመው በእግሩ ሊመጣ ይችላል። ምጡ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ይላል። በዚህ መካከል እትብቱ ከልጁ ቀድሞ ሊወርድና ሊጫን፣ የእንግዴ ልጁም ያለ ጊዜው ሊላቀቅ፣ የማሕፀን በርም መልሶ ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልጅ ለቅሶ ለቤተሰቡ የእልልታ ምልክት ሲሆን፣ ለአዋላጁ ግን ዋናው ሥራ መጀመሩን የሚነግር ደወል ነው።

በእነዚያ ደቂቃዎች እጅ ምን ይሠራል?

በሙያው የሠለጠነ ቡድን በእነዚያ ደቂቃዎች የሚያከናውነው ሥራ ተራ አለው። የመጀመሪያው ልጅ እንደወጣ አንዱ ባለሙያ ሁለት እጆቹን በእናቲቱ ሆድ ግራና ቀኝ አድርጎ ሁለተኛው ልጅ እንዳይጋደም ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ሌላው በአልትራሳውንድና በእጁ ልጁ በምን በኩል እንዳለ ይመረምራል። የልብ ምቱ ያለማቋረጥ ይደመጣል። ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ ለእናቶች የሚሰጠው መርፌ በዚህ ጊዜ ፈጽሞ አይሰጥም። መርፌው ማሕፀኑን አጥብቆ ስለሚያኮማትር በውስጥ የቀረውን ልጅ ያፍነዋልና። ማንኛውም አዋላጅ መርፌውን ከመስጠቱ በፊት የእናቲቱን ሆድ ዳስሶ ሌላ ልጅ አለመኖሩን እንዲያረጋግጥ የሚታዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ልጅ በጭንቅላቱ ካለ ሥራው ትዕግሥት ነው። ምጡ ከደከመ ኦክሲቶሲን የተባለው መድኃኒት በጉሉኮስ ተጨምሮ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል። የሽርት ውሃው ከረጢት የሚቀደደው የልጁ ጭንቅላት ወርዶ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ጭንቅላቱ ሳይወርድ ውሃው ከፈሰሰ እትብቱ አብሮ ሊወጣ ይችላል።

ልጁ በእግሩ ካለ ወይም ከተጋደመ ግን ሐኪሙ እጁን ወደ ማሕፀን አስገብቶ እግሩን መፈለግ ሊኖርበት ነው። ይህ በዓይን የሚታይ ሥራ አይደለም። ጣት ብቻ የሚያየው ሥራ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች መጀመሪያ ከሚማሯቸው ነገሮች አንዱ እግርን ከእጅ መለየት ነው። እግር ተረከዝ አለው፤ እጅ ግን ተረከዝ የለውም። የእጅ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ይርቃል፤ የእግር አውራ ጣት ግን ከሌሎቹ ጋር ይሰለፋል። ሐኪሙ ተረከዙን ካገኘ በኋላ እግሩን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይስበዋል። በውጭ ያለው እጅ ደግሞ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። የሽርት ውሃው ከረጢት ሳይቀደድ ይህ ቢሠራ ይመረጣል፤ ውሃው ለልጁ መዞሪያ ቦታ ይሰጠዋልና።

እግሮቹ ከወጡ በኋላም ሥራው አላለቀም። ልጁ የሚያዘው በዳሌው አጥንት ላይ እንጂ በሆዱ ላይ አይደለም፤ ሆዱ ቢጨመቅ ጉበቱ ሊጎዳ ይችላል። ጀርባው ወደ ላይ እንዲዞር ይደረጋል። ክንዶቹ ተራ በተራ በደረቱ ላይ ታጥፈው ይወጣሉ። በመጨረሻም አገጩ ወደ ደረቱ እንዳጎነበሰ ጭንቅላቱ ይወጣል። ይህ ሁሉ በፍጥነት፣ ነገር ግን ያለ ጥድፊያ የሚሠራ ነው። ፍጥነትና ጥድፊያ የተለያዩ መሆናቸውን የሚያውቅ እጅ ነው የሠለጠነ እጅ የሚባለው።

ከሙያው ክፍሎች አንዱ ደግሞ ማቆምን ማወቅ ነው። ሁለተኛው ልጅ ከመጀመሪያው እጅግ ከገዘፈ፣ ወይም እግሩ የማይደረስበት ከሆነ፣ ወይም የልብ ምቱ ወርዶ በቅርብ ሊወለድ የማይችል ከሆነ ሐኪሙ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል መግባት እንጂ መታገል አይኖርበትም። ስለዚህ የማደንዘዣ ባለሙያው፣ የኦፕራሲዮን ክፍሉ፣ ደሙና የሕፃናት ሐኪሙ አስቀድመው መዘጋጀት አለባቸው። ሁለተኛው ልጅ ከወጣ በኋላም ብዙ የተለጠጠው ማሕፀን ቶሎ ላይኮማተርና ደም ሊያፈስ ስለሚችል ጥበቃው ይቀጥላል።

ከአሻንጉሊት የጀመረ ትምህርት

ልጅን ከማሕፀን ውስጥ አዙሮ በእግሩ የማውጣት ዘዴ አዲስ አይደለም። በ2ኛው መቶ ዓመት በሮማ የሠራው የኤፌሶኑ ተወላጅ ሐኪም ሶራኑስ ለአዋላጆች በጻፈው መጽሐፍ ገልጾት ነበር። በኋላ ዘዴው ተዘንግቶ ቆየና በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አምብሩዋዝ ፓሬ የተባለው ፈረንሳዊ ቀዳጅ ሐኪም መልሶ አስተማረው። ሙያ በጽሑፍ ቢገኝም በእጅ የሚያስተላልፈው ሰው ካጣ እንደሚጠፋ ይህ የመጀመሪያው ምስክር ነው።

ማስተላለፊያውን መንገድ ያቀናችው ግን አንዲት ሴት ናት። ማዳም ዱ ኩድሬ የተባለችው ፈረንሳዊት አዋላጅ እ.ኤ.አ. በ1759 ከንጉሥ ሉዊ 15ኛ ፈቃድ አግኝታ በአገሪቱ ክፍለ ሀገሮች እየተዘዋወረች ማስተማር ጀመረች። ወደ ሩብ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ባደረገችው ዙረት በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶችን አስተምራለች። ከተማሪዎቿ ብዙዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ የገጠር ሴቶች ስለነበሩ በመጽሐፍ ብቻ ልታስተምራቸው አልቻለችም። ስለዚህ ከጨርቅና ከቆዳ የተሰፋ፣ የሴት ዳሌና ማሕፀን የሚመስል ማስተማሪያ ሠራች። በውስጡም የልጅ አሻንጉሊት እየከተተች፣ አንድ ጊዜ በጭንቅላቱ፣ አንድ ጊዜ በእግሩ፣ አንድ ጊዜ አጋድማ እያስቀመጠች ተማሪዎቿ በእጃቸው እንዲያወጡት ታደርግ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሥራዋ እስከ ዛሬ የተረፈው አንዱ በፈረንሳይ አገር በሩዋን ከተማ በሚገኝ የሕክምና ታሪክ ሙዚየም ተቀምጦ ይታያል። ከዕቃዎቹም መካከል የመንታ አሻንጉሊቶች ይገኙበታል።

የዛሬው ትምህርት በመሠረቱ ከዚህ አልራቀም። ልዩነቱ አሻንጉሊቱ ከፕላስቲክ መሠራቱ ነው። ከዛሬዎቹ አንዱ፣ ማማ ናታሊ የሚባለው፣ አስተማሪዋ በወገቧ ላይ ታጥቃው እንደ ወላድ ሆና ተማሪዎቿን የምታሠለጥንበት ነው። ዋጋውም እንደ እኛ ላሉ አገሮች እንዲስማማ ተደርጎ የተሠራ ነው።

በአሻንጉሊት የተለማመደ እጅ በእርግጥ ሕይወት ያለውን ልጅ ይጠቅማል ወይ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው ማስረጃ ስለ መንታ ሳይሆን ትከሻው ስለሚያዝበት ልጅ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ በሳውዝሚድ ሆስፒታል ሐኪሞችና አዋላጆች አንድ ላይ ሆነው በአሻንጉሊት በየዓመቱ እንዲለማመዱ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ጥናት መሠረት፣ ትከሻቸው ተይዞ ከተወለዱት ልጆች መካከል ጉዳት የሚደርስባቸው ከ100 9.3 የነበረው ከልምምዱ በኋላ ወደ 2.3 ወርዷል።

ደረጃ በደረጃ

አሻንጉሊቱ ግን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። የማሕፀንና የጽንስ ሐኪም ለመሆን የሚማር ሐኪም ከአሻንጉሊቱ ቀጥሎ የሚሠራው አጠገብ ቆሞ ማየት ነው። ሲያይ የሚማረው የእጅ አካሄድን ብቻ አይደለም። ነባሩ ሐኪም መቼ ዝም እንደሚል፣ መቼ ትእዛዝ እንደሚሰጥ፣ ለእናቲቱ ምን እያለ እንደሚያጽናናት ጭምር ይማራል።

ቀጥሎም የነባሩ ሐኪም እጅ በተማሪው እጅ ላይ ሆኖ አብረው ይሠራሉ። ከዚያ ተማሪው ራሱ ይሠራል፤ ነባሩ ሐኪም ጓንቱን አጥልቆ ከኋላው ይቆማል። በመጨረሻ ተማሪው የሚቆመው ብቻውን ነው። እርሱም በተራው ከኋላ የሚቆም አስተማሪ ሲሆን ያን ጊዜ ሙያው ተላለፈ ይባላል።

በዚህ መካከል ልምድ የሚገኝበት አንድ ሌላ ዘዴም አለ። አንዲት እናት በኦፕራሲዮን ስትወልድ ልጇ በመቀመጫው ወይም በእግሩ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጁን በእግሩ ይዞ፣ ክንዱን አጥፎ፣ ጭንቅላቱን አጎንብሶ የማውጣቱ እርምጃ በሁለቱም ዓይነት ወሊድ አንድ ነው። ጠንቃቃ አስተማሪ ይህን አጋጣሚ አያሳልፈውም፤ ተማሪው በኦፕራሲዮኑ ጠረጴዛ ላይ እጁን እንዲያፍታታ ያደርጋል።

ትልቁ ችግር አጋጣሚው ማነሱ ነው። ለምሳሌ በዓመት 3000 እናቶች የሚወልዱበት ሆስፒታል አለ እንበል። ከ1000 ወሊድ 12ቱ የመንታ ከሆኑ በዓመት የሚያገኘው 36 ያህል የመንታ እናቶችን ነው። የመጀመሪያው ልጃቸው በጭንቅላቱ ያልመጣ 7 ያህሉ ሲቀነሱ 29 ይቀራሉ። ከእነዚህም ሁለተኛው ልጅ በጭንቅላቱ ያልሆነባቸው ግማሽ ያህሉ፣ ማለትም 14 ወይም 15 ናቸው። በደም ግፊት፣ በቀድሞ ኦፕራሲዮን ወይም በሌላ ምክንያት በቀዶ ሕክምና የሚወልዱት ሲወጡ የሚተርፉት ከ10 ላያልፉ ይችላሉ። 8 ተማሪዎች ቢኖሩ፣ ቀንና ሌሊት፣ እሑድና በዓል በተራ እየገቡ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው አንድ ገደማ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚሠራ ሥራ እጅን አያፍታታም። ስለዚህ መንታ የሚወልዱ እናቶች በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ቢሰበሰቡ ለእናቲቱም ለተማሪውም ይበጃል የሚባለው በዚህ ሒሳብ ነው።

እጅ የጠፋበት ዘመን

ሙያ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊጠፋ እንደሚችል ያሳየ ነገር ከ20 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2000 በ26 አገሮች 2088 እናቶችን ያሳተፈ ጥናት ታተመ። ጥናቱ የሚመለከተው በመቀመጫው የመጣን ነጠላ ልጅ ነበር። በዚያም መሠረት በምጥ እንዲወለዱ ከታቀደላቸው ልጆች ከ100 5ቱ የሞት ወይም የጽኑ ጉዳት ዕጣ ሲደርሳቸው፣ በኦፕራሲዮን እንዲወለዱ ከታቀደላቸው ግን 1.6 ብቻ ሆኑ። ወሬው በዓለም ዙሪያ ፈጥኖ ተሰማ። በሆላንድ አገር በመቀመጫቸው ከመጡት ልጆች በኦፕራሲዮን የሚወለዱት ከ100 50 ያህል የነበሩት በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ወደ 80 ደረሱ።

ከአራት ዓመት በኋላ እነዚያኑ ልጆች በሁለት ዓመት ዕድሜያቸው የተከታተለው ጥናት በሁለቱ ወገኖች መካከል በሞትና በአእምሮ እድገት መዘግየት ረገድ ልዩነት አላገኘም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ብዙ ሆስፒታሎች ተግባሩን አቋርጠው ነበር። አዳዲሶቹ ሐኪሞችም በመቀመጫው የሚመጣን ልጅ በምጥ ሲወለድ ሳያዩ መመረቅ ጀመሩ። ነገሩ ወደ መንታዎቹ የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛውን መንታ በእግሩ የሚያወጣው እጅ ያው በመቀመጫው የመጣውን ልጅ ያወጣ የነበረው እጅ ነበርና።

ታዲያ መንታን ሁሉ በኦፕራሲዮን ማዋለድ ይሻላል ወይ? ይህን የመለሰ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። መሪው በካናዳ የሚሠራው ሐኪም ጆን ባሬት ሲሆን፣ በ25 አገሮች 2804 የመንታ እናቶች ተሳትፈውበታል። የሁሉም የመጀመሪያ ልጅ በጭንቅላቱ የመጣ ነበር። በኦፕራሲዮን እንዲወልዱ ከታቀደላቸው ወገን የሞት ወይም የጽኑ ጉዳት ዕጣ የደረሳቸው ልጆች ከ100 2.2 ሲሆኑ፣ በምጥ እንዲወልዱ ከታቀደላቸው ወገን 1.9 ሆኑ። ስለዚህ ኦፕራሲዮኑ ለልጆቹ የተለየ ጥቅም አላስገኘም።

ይህን ቁጥር ስናነብ ግን ሁለት ነገሮችን መዘንጋት አይገባም። አንደኛ፣ በጥናቱ ወሊዱን እንዲመሩ የተፈቀደላቸው በመንታ ወሊድ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ነበሩ። ሁለተኛ፣ በምጥ እንዲወልዱ ከታቀደላቸው እናቶችም ከ100 44 ያህሉ መጨረሻቸው ኦፕራሲዮን ሆኗል። ከእነዚህም መካከል 4 ያህሉ የመጀመሪያውን ልጅ በምጥ፣ ሁለተኛውን በኦፕራሲዮን ወልደዋል። በምጥ ለመውለድ ማቀድ ማለት ኦፕራሲዮንን መሸሽ ማለት አይደለም።

ሙያውን ማስተማር ባላቋረጠችው በፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት 5915 የመንታ እናቶችን ተከታትሏል። ከ4 እናቶች ለ3ቱ የታቀደላቸው በምጥ እንዲወልዱ ሲሆን፣ ከእነርሱም ከ100 80 ያህሉ ሁለቱንም ልጆች በምጥ ወልደዋል። የማዳም ዱ ኩድሬ አገር እጇን አልጣለችም ማለት ይቻላል።

በአገራችን

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ የራሱ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የሚፈጸሙት 5 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 ደርሰዋል። ይህ ማለት ቀድሞ በልምድ አዋላጅ እጅ፣ በጎጆ ውስጥ ይወለዱ የነበሩት መንታዎች አሁን ወደ ሐኪም እጅ እየመጡ ነው። የመጣችውን እናት የሚቀበል እጅ በቁጥርም በሙያም መብዛት ይኖርበታል።

የማሕፀንና የጽንስ ሕክምና ትምህርት በአገራችን ከጠቅላላ ሐኪምነት በኋላ አራት ዓመት ይወስዳል። ትምህርቱ በጥቁር አንበሳ፣ በጎንደር፣ በጅማና በሌሎችም ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ይሰጣል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2012 ተጀምሯል። የሙያው ማኅበርም እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ተቋቁሟል። ከዋና ከተማ በራቁ ሆስፒታሎች ኦፕራሲዮን እንዲያደርጉ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሠለጠኑት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችም ለብዙ እናቶች ደርሰውላቸዋል።

እዚህ ላይ «ኦፕራሲዮን ካለ የእጅ ሙያው ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ኦፕራሲዮን የብዙ እናቶችንና ልጆችን ሕይወት ያተረፈ በመሆኑ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን በማሕፀን ላይ ጠባሳ ይተዋል። በሚቀጥለው እርግዝና የእንግዴ ልጁ በጠባሳው ላይ ሊጣበቅ፣ በምጥ ጊዜም ማሕፀኑ በጠባሳው በኩል ሊቀደድ ይችላል። አንድና ሁለት ልጅ ወልዳ ለምታቆም፣ ከሆስፒታል አጠገብ ለምትኖር እናት አደጋው ያነሰ ነው። ከዚያ በላይ ለምትወልድ፣ የሚቀጥለውን ምጧን ምናልባት አምቡላንስ ከማይደርስበት ሥፍራ ለምትጀምር እናት ግን ብርቱ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ያልተፈለገ ኦፕራሲዮንን ማስቀረት ለዛሬው ልጅ ብቻ ሳይሆን ገና ላልተፀነሰውም የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

እናቶች ምን ይጠይቁ?

የመንታ እናት ለመሆን የተዘጋጃችሁ እናቶች ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። መንታን እቤት ለመውለድ ማሰብ አይገባም። የኦፕራሲዮን ክፍል በሌለበት ጤና ጣቢያም ቢሆን ለክትትል እንጂ ለወሊድ አይመረጥም። የእናታችሁ ወይም የአያታችሁ መንታዎች በደኅና መወለዳቸው የእናንተንም ዋስ አይሆንም።

በክትትል ጊዜ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ያለ ሐፍረት ጠይቁ። ልጆቹ የእንግዴ ልጅ ይጋራሉ ወይስ ለየራሳቸው ነው? ይህን ለማወቅ አልትራሳውንዱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቢደረግ ይሻላል። የመጀመሪያው ልጅ በምን በኩል ነው? ሁለተኛው በጭንቅላቱ ባይመጣ በዚህ ሆስፒታል በእግሩ ሊያወጣው የሚችል ሐኪም አለ ወይ? ያ ሐኪም በሌሊትና በበዓል ቀንስ ይገኛል ወይ? ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ ክፍሉ፣ የማደንዘዣ ባለሙያውና ደሙ ዝግጁ ናቸው ወይ?

ሐኪሙ «በዚህ ሆስፒታል ይህን የሚሠራ የለም፤ ኦፕራሲዮን ይሻላል» ቢላችሁ ቅር አይበላችሁ። እጁ ያልሠለጠነበትን ሥራ አልሠራም የሚል ሐኪም ታማኝ ሐኪም ነው። ሌላ ሆስፒታል ሊጽፍላችሁ ይችል እንደሆነ ግን ጠይቁት።

በወሊዱ ክፍል ውስጥ ሰው ቢበዛም አትደንግጡ። በመንታ ወሊድ ሁለት አዋላጆች፣ ነባር ሐኪም፣ የሕፃናት ባለሙያ፣ አንዳንዴም ተማሪ ሐኪም ይገኛሉ። ተማሪው እንዲያይ ወይም በአስተማሪው እጅ ሥር እንዲሠራ ፈቃዳችሁን ሲጠይቅ መፍቀድም አለመፍቀድም መብታችሁ ነው። ብትፈቅዱ ግን ሌላ እናት በሌላ ሌሊት የምታገኘውን እጅ አብራችሁ አሠለጠናችሁ ማለት ነው።

ሠራተኛ የሆናችሁ እናቶች ደግሞ ከመንታዎች ከግማሽ የሚበልጡት ከ37 ሳምንት በፊት እንደሚወለዱ በማሰብ ዝግጅታችሁን ከሰባተኛው ወር ጀምሩ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር የሚታሰብ ዕረፍት ይፈቅዳል። አባቶችም መኪናውን፣ አስታማሚዋንና ደም የሚሰጡ ዘመዶችን አስቀድመው ቢያዘጋጁ ከምክር ሁሉ የበለጠ እርዳታ ይሆናል።

በአዳራሽና በመጽሐፍ የሚማሩት ነገር ለሁሉም ይደርሳል። ሁለተኛውን ልጅ የሚቀበል እጅ ግን የሚገኘው ከሌላ እጅ ብቻ ነው። ነባሩ ሐኪም ሳያስተምር ጡረታ ከወጣ፣ ወይም ሆስፒታሉ ለማስተማር ጊዜ ካልሰጠው ሙያው ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ጉዳቱ የሚታየው ያን ዕለት አይደለም። ከዓመታት በኋላ፣ የመጀመሪያው ልጅ አልቅሶ ሁለተኛው ሲጋደም፣ በአልጋው ዙሪያ የቆሙት ሁሉ እርስ በርስ ሲተያዩ ነው። ያ ሌሊት እንዳይመጣ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ይህን ሙያ እንደ ቅርስ ሊጠብቁት፣ እናቶችም ጠይቀው ሊፈልጉት ይገባል።